የለንደኑ ጆርጅ ኢን፦ አንድ ጎኑ ብቻ የቀረው የእንግዳ ማረፊያ

የቦሮ ተመላላሽ (ለንደን)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሥራዬ ለንደን ብሪጅ አካባቢ ስለሆነ አንድ የድሮ መጠጥ ቤት ደጅ አዘውትሬ አልፋለሁ። ስለ እሱ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ እኔው ልጀምረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከጣቢያው ወጥታችሁ ቦሮ ሃይ ስትሪትን ወደ ደቡብ ስትይዙ፣ በግራ እጃችሁ ጠባብ ጠባብ መግቢያዎች ተራ በተራ ታያላችሁ። ኪንግስ ሄድ ያርድ፣ ዋይት ሃርት ያርድ፣ ጆርጅ ኢን ያርድ፣ ታልቦት ያርድ። ሁሉም በአንድ ወቅት ከነፈረሱ መንገደኛ የሚያድርባቸው ግቢዎች ነበሩ። የድሮው ሕንጻ ዛሬም ያለው ግን ጆርጅ ጋ ብቻ ነው።

በ1676 ሳውዝዋርክ ላይ፣ ማለትም ቦሮ በሚገኝበት ከወንዙ በስተ ደቡብ ባለው ሰፈር፣ ትልቅ እሳት ተነስቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን በላ። ታላቁ የለንደን ቃጠሎ ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ያኛው ቴምዝ ወንዝን ሳይሻገር ቆመ። ሳውዝዋርክ የራሷ ተራ ቆይቶ ደረሳት። ጆርጅም ነደደ፣ በ1677 አካባቢም መልሰው ሠሩት። አሁን የምናየው ያ ነው። ባለ ሰገነት የሠረገላ ማረፊያ ከሚባሉት ውስጥ ለንደን ላይ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። በቅርስ መዝገብ የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ፣ ግሬድ ዋን፣ ተሰጥቶታል።

ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ሰገነቶቹን ነው። ሁለት ፎቅ ላይ በግድግዳው ርዝመት የተዘረጉ፣ ፊታቸው ክፍት የሆነ፣ ባለ እንጨት መደገፊያ በረንዳዎች። ያምራሉ፣ አልክድም። እኔ ግን ዋናው ነገር ፊት ለፊታቸው ያለው ባዶ ግቢ ነው ባይ ነኝ። ሕንጻው የተሠራው ለግቢው ነው። ሠረገላ በጠባቡ በር ይገባል፣ ፈረሱ ይፈታል፣ ዕቃ ይወርዳል፣ ሰው ደረጃውን ወጥቶ በሰገነቱ በኩል ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ድሮ ሰገነቱ ግቢውን በሦስት በኩል ከብቦት ነበር። በ1889 ግሬት ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ሁለቱን ክንፎች አፍርሶ የደቡቡን ብቻ ተወው።

ስለዚህ ዛሬ እንደ ሙሉ ሕንጻ የምናደንቀው የአንድ ግቢ አንዱን ጎን ነው። ይህን ሳያውቁ የሚያዩት ሰዎች «ለምንድን ነው ፊቱ ወደ ጎን የዞረው?» ይላሉ። ወደ መንገዱ ማየት ያለበት ይመስላቸዋል። እናንተስ ያያችሁት አላችሁ?

ሊያ ሥነ ሕንጻ (ማንቸስተር)

ወይ ጉድ፣ ትምህርት ቤት በፕላን ብቻ ነው ያየሁት። አንድ ነገር ልጨምር። ሰገነቱን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል፤ ሥራው ግን የኮሪደር ነው። ያኔ ቤት ውስጥ ኮሪደር ማበጀት ገና እንግዳ ነገር ነው። በብዙ ቤት ከክፍል ወደ ክፍል የሚኬደው በሌላው ሰው ክፍል በኩል ነበር። ለቤተሰብ ይሁን፣ ለማይተዋወቅ እንግዳ ግን አይሆንም። ስለዚህ መተላለፊያውን ከቤቱ ውጭ አወጡት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ በር ወደ ሰገነቱ አለው። ክፍሉም ስፋቱን አልቀነሰም፤ ብርሃንም ከግቢው ያገኛል።

ጥያቄ አለኝ፦ ግቢዎቹ ለምን ይህን ያህል ጠባብና ረጅም ሆኑ? አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው እኮ።

የቦሮ ተመላላሽ (ለንደን)

@ሊያ፣ ስለ ኮሪደሩ ያልሽው ድንቅ ነው።

ጠባብነቱ ከመሬቱ ነው የመጣው። በመካከለኛው ዘመን ከተማ ውስጥ ወርቅ የሆነው የመንገድ ዳር ፊት ነው። እያንዳንዱ ባለ ይዞታ ወደ ዋናው መንገድ ትንሽ ፊት ይኖረዋል፤ ከዚያ መሬቱ ወደ ኋላ ይነጉዳል። የእንግዳ ማረፊያው ከፊት መግቢያ በር፣ መሃል ላይ ግቢ፣ ከኋላ ጋጣና የድርቆሽ ማስቀመጫ አድርጎ ይደረድረዋል።

ለምን እዚህ መንገድ ላይ ተሰበሰቡ ካልሽ ደግሞ ምክንያቱ ድልድዩ ነው። ዌስትሚንስተር ብሪጅ በ1750 እስኪከፈት ድረስ መሃል ለንደን ላይ ወንዙን የሚሻገር ድልድይ ለንደን ብሪጅ ብቻ ነበር። በሩ ማታ ይዘጋል። በላዩ ላይ ቤቶች ተሠርተውበት መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቀን ደግሞ ይጨናነቃል። ከደቡቦቹ አውራጃዎች ከኬንትና ከሰሴክስ የመጣ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ እዚያ ከሚጋፋ እዚሁ አድሮ ጠዋት በእግሩ ቢሻገር ይሻለዋል። ወደ ካንተርበሪ የሚሄዱ ተሳላሚዎችም ጉዟቸውን የሚጀምሩት ከዚሁ መንገድ ነበር። በ1598 የለንደንን ሁኔታ የመዘገበው ጆን ስቶው የዚህን ጎዳና ማረፊያዎች ሲዘረዝር ጆርጅም አለበት።

ሸገር በቢራ (አዲስ አበባ)

ጆርጅ ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው አይደል? እንግዲህ እንግሊዞችም መጠጥን በጊዮርጊስ ስም መጥራት ከኛ ጋር ይጋራሉ ማለት ነው። ቅዝቃዛ ጊዮርጊስ በጊዮርጊስ ቤት! 😂

የቦሮ ተመላላሽ (ለንደን)

@ሸገር በቢራ፣ ቀልደህ አልቀረህም። በ16ኛው መቶ ዘመን ቤቱ «ሴንት ጆርጅ» ተብሎም ይጠራ ነበር። ምልክቱ ላይ ያለውም ዘንዶውን የሚወጋው ሰማዕት ራሱ ነው። ፈረሱን ስታይ ቤትህ ያለህ ነው የሚመስልህ።

አናጢው (ብሪስቶል)

የድሮ ቤት እድሳት ላይ ነው የምሠራው። ስለ እንጨቱ ትንሽ ላውራ።

በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ ብረት እንደ ልብ አይገኝም። አንዱን እንጨት ጫፉን ምላስ ታወጣለታለህ፤ ሌላውን ትቦረቡረዋለህ። ምላሱን ትከተዋለህ፣ ሁለቱንም ትበሳለህ፣ በእንጨት ችንካር ትወጋዋለህ። የሁለቱ ቀዳዳ ሆን ተብሎ በትንሹ እንዳይገጣጠም ይደረጋል፤ ችንካሩ ሲገባ መጋጠሚያውን ስቦ ያጠብቀዋል። እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ዘዴ ነው። ሙጫ የለ፣ ሚስማር የለ።

እንጨቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይደርቅ ነው የሚሠራበት። እርጥብ ኦክ ለመጥረብ ይቀላል፤ ከደረቀ እንደ ብረት ነው። ቤቱ ከቆመ በኋላ እንጨቱ በዓመታት ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ስለዚህ የድሮ ቤት ወለል ላይ ኳስ ብታስቀምጥ ራሷ ወዳሻት ትሄዳለች። ጎብኚ «ሊወድቅ ነው» ብሎ ይደነግጣል። መጋጠሚያው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ምንም አይሆንም። እኛ የምንፈራው መጣመሙን ሳይሆን ውሃን ነው። ጣሪያው አንድ ቦታ ካፈሰሰና እንጨቱ ጫፉ ላይ ከበሰበሰ ያኔ ነው ጉዱ።

ሰገነት ላይ ይህ ችግር ይብሳል። ግማሽ አካሉ ውጭ ነው፤ ዝናብ ይመታዋል። የመደገፊያው ዘንጎች እግር ውሃ ይይዛል። ጆርጅ ጋ ስሄድ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው፤ የሥራ አመል አይለቅም። ለአንድ ቢራ ገብቼ ግማሽ ሰዓት እንጨት ስነካ አሳላፊዋ «ጌታዬ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለችኝ።

ሊያ ሥነ ሕንጻ (ማንቸስተር)

@አናጢው ሳቄን ለቀኩት። ግን ልጠይቅህ፣ ከ1666ቱ ቃጠሎ በኋላ ውጫዊ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ ይሁን የሚል ሕግ ወጥቶ የለም እንዴ? ይህ እንዴት በእንጨት ሰገነት ተሠራ?

አናጢው (ብሪስቶል)

የ1667ቱ ሕግ ለሲቲው ነው፣ ማለትም ከወንዙ ማዶ ላለው ለዋናው ከተማ። ጆርጅም ቢሆን እንጨት ብቻ አይደለም። ጡብም አለው። ከሕንጻው ከፊሉ ሰገነት የሌለው ሜዳ ግድግዳ ሆኖ በረድፍ የተደረደሩ ወደ ላይ የሚንሸራተቱ መስኮቶች አሉት። ሰው ካሜራውን ወደ ሰገነቱ ስለሚያዞር ያንን ክፍል ማንም ልብ አይለውም። እዚያ ጋ ቆመህ ስታይ አንዱ ሕንጻ ሁለት ዘመን ይመስላል። ሰገነቱ የድሮውን የማረፊያ ልማድ ይዞ ቀረ፣ ጡቡና መስኮቱ ደግሞ የሚመጣውን የለንደን ቤት መልክ ያሳያል።

ቴአትር ወዳድ (ሊድስ)

ሼክስፒር እዚህ ቤት ይጠጣ እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የእሱ ተውኔቶች ይታዩበት የነበረው ግሎብ ቴአትር እኮ ቅርብ ነው። አስጎብኚያችን ጥግ ላይ ያለችውን ወንበር እያሳየ ነው የነገረን።

የቦሮ ተመላላሽ (ለንደን)

@ቴአትር ወዳድ፣ ወንድሜ፣ አስጎብኚው ጉርሻ ፈልጎ ነው። ሼክስፒር የሞተው በ1616 ነው። ይህ ሕንጻ የተሠራው ከዚያ 60 ዓመት ካለፈ በኋላ። በእሳቱ ከጠፋው ከቀድሞው ጆርጅ ገብቶ ይሆናል ብትል ሰፈሩ ነውና ማንም አይከለክልህም፤ ወንበሯ ግን አላየችውም።

ከቴአትር ጋር ግንኙነት የለም ማለቴ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን ተዋንያን በእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። የታወቁት አራት ናቸው፦ ቡል፣ ቤል፣ ክሮስ ኪስና ቤል ሳቬጅ። አራቱም ከወንዙ ማዶ ነበሩ። ለምን እንደተመረጡ ለመገመት ሰገነቱን ማየት ይበቃል። መሃል ላይ መድረክ ታቆማለህ፣ ድሃው ግቢው ውስጥ ቆሞ ያያል፣ ገንዘብ ያለው ሰገነት ላይ ይቀመጣል፣ በሩ አንድ ስለሆነ ሳይከፍል የሚገባ የለም። ሂሳብ ለመሰብሰብ የተመቸ ቤት ነው። የድሮ ጸሐፊዎች ግሎብን የመሰሉ ቴአትር ቤቶች ቅርጻቸውን በቀጥታ ከእነዚህ ግቢዎች ነው የወሰዱት ይሉ ነበር። ዛሬ ግን ይህ አከራካሪ ነው፤ የድብ ማፋለሚያ ሜዳዎቹም ክብ ነበሩና።

ዲሲ ላይ ያለሁ (ዋሽንግተን)

ይቅርታ ግን ይህ ሁሉ ለአንድ መጠጥ ቤት? እኛ አገር ስንት ቤተ መንግሥትና ስንት ቤተ ክርስቲያን እያለ።

ጋሽ አውቶቡስ (ለንደን)

ልጄ፣ ቤተ መንግሥትማ ጠባቂ አለው። ተራ ሰው የዋለበት ቤት ነው ጠባቂ የሌለው። እኔ ለንደን አውቶቡስ ስነዳ ነው ያረጀሁት፤ መስመሬ ላይ የነበሩ ፐቦች ግማሹ ዛሬ አፓርታማ፣ ግማሹ ሱፐርማርኬት ሆነዋል። ፎቁ ላይ የቢራ ፋብሪካው ስም በሸክላ ተጽፎ ታያለህ፣ ከሥር ወተትና ዳቦ ይሸጣል።

እና ሌላም ልንገራችሁ። ከፈረሱት በላይ የሚያናድደኝ ቆመው ሆዳቸው የተዘረገፈው ነው። በሰማንያዎቹ ሰፈሬ አንድ ፐብ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ውስጡ በእንጨትና በመስታወት የተከፋፈለ ነበር። ትንንሽ ክፍሎች፣ እያንዳንዷ የራሷ በር ያላት። እኔ አገሩን ስላልለመድኩት ትልቅ አዳራሽ መግባት አፍር ነበር፤ ትንሿ ክፍል ገብቼ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ለእድሳት ዘጉት። ሲከፈት ሁሉም ተነቅሎ አንድ ሜዳ አዳራሽ ሆኗል፣ መሃሉ ላይ የጫወታ ማሽን። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ተመልሼ አልገባሁም።

ሊያ ሥነ ሕንጻ (ማንቸስተር)

ጋሼ፣ የነገሩን የብዙ ፐቦች ታሪክ ነው። ክፍፍሉ የመጣው በቪክቶሪያ ዘመን ነው። አንዱ ባንኮኒ መሃል ላይ ይቆምና ዙሪያውን እንደ ብርቱካን ይከፈላል። አንዱ ለሠራተኛው፣ አንዱ ደህና ለለበሰው፣ አንዱ በጀግ ገዝቶ ቤቱ ለሚወስድ። ቢራው ያው ሆኖ ዋጋው ይለያይ ነበር፤ ተራው ክፍል ይረክሳል። አሳላፊው ብቻ ነው ሁሉንም የሚያየው።

አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከባንኮኒው በላይ፣ ልክ በፊት ትይዩ፣ የሚገለባበጡ ትንንሽ ጭጋጋማ መስታወቶች አሉት። ደንበኛው ሲፈልግ ከፍቶ ያዛል፣ ሲፈልግ ዘግቶ ይደበቃል። ለንደን ውስጥ ላምብስ ኮንዱይት ስትሪት ላይ ያለው «ዘ ላምብ» ውስጥ ዛሬም አሉ። ማይዳ ቬል ያለው «ፕሪንስ አልፍሬድ» ደግሞ ክፍፍሉ ውስጥ ካልጎነበሱ የማያሳልፉ ትንንሽ በሮች አሉት።

የጋሼን ዓይነት ሐዘን ትንሽ የሚያስታግስ አንድ ቤት አለ። ሆልቦርን የሚገኘው «ፕሪንሰስ ሉዊዝ»። ሕንጻው የ1872 ነው፣ ውስጡ ግን በ1891 የተሠራ። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ቀለማም ሸክላ ንጣፍ ነው፣ መስታወቶቹ በወርቅ ቀለም ያጌጡ፣ የወንዶች ሽንት ቤቱ ሳይቀር እብነ በረድ ሆኖ ከቅርሱ ጋር ይታያል። የእሱም ክፍፍል ተነቅሎ ነበር። በ2007 እና 2008 ባለቤቶቹ ክፍፍሉን እንደ ጥንቱ አድርገው መልሰው አሠሩት። አዲስ እንደሆነ ካልተነገረህ አታውቀውም።

ጋሽ አውቶቡስ (ለንደን)

እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ይህንን እሄድበታለሁ።

የቦሮ ተመላላሽ (ለንደን)

ጋሼ፣ እዚያ ከሄዱ ጆርጅንም ደርሰው ያወዳድሩ። ጆርጅ ያልተዘረገፈ ቤት ነው። ምድር ቤቱ አንድ አዳራሽ አይደለም፤ ተከታታይ ክፍሎች ናቸው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያሳለፉ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው በእንጨት የተለበደ። አንደኛው ክፍል ድሮ ሠረገላ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች የሚቀመጡበት ነበር። መሃለኛው ደግሞ ቡና የሚጠጣበት። ላይ ያሉት የመኝታ ክፍሎች ዛሬ ምግብ ቤት ሆነዋል።

ተሳፋሪዎቹ ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አለ። «የፓርላማ ሰዓት» ይሉታል። ክፍሉም ስሙን ከእሱ ወስዷል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በ1797 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት በሰዓት ላይ ግብር ጣለ። ሰው የኪሱን ሰዓት ደበቀ፣ ሸጠ። መጠጥ ቤቶች ትልልቅ ሰዓት ሰቅለው ደንበኛ ሳቡበት ይባላል። ግብሩ ዓመት ሳይሞላው በ1798 ተነሳ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ትልቅ ሰዓት ከግብሩ ብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ በማረፊያዎች ውስጥ ይሰቀል ነበር። ሠረገላ በሰዓቱ የሚነሳበት ቤት ሰዓት ከሌለው ምኑን ማረፊያ ሆነው? ስሙ ግን ከግብሩ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ሸገር በቢራ (አዲስ አበባ)

ፎቶውን አየሁት። ሰገነቱ የአዲስ አበባን የድሮ ቤቶች በረንዳ ነው የመሰለኝ። የጣውላ መደገፊያው ቁርጥ እሱን! ዝምድና ይኖረዋል?

ሊያ ሥነ ሕንጻ (ማንቸስተር)

@ሸገር በቢራ፣ ዓይንህ ደህና ነው፤ ዝምድና ግን የለውም። የኛዎቹ ላይ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ አለበት። አጠቃቀሙም ይለያል፤ የኛው በረንዳ ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልለው ቁጭ የሚሉበት ነው። የጆርጁ መሄጃ ነው፤ ሰው ሻንጣውን ይዞ የሚያልፍበት።

ዲሲ ላይ ያለሁ (ዋሽንግተን)

እሺ ጋሼ ገባኝ፣ ተሸንፌያለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ባቡር ኩባንያው ያንን ካፈረሰ የቀረውን ለምን ተወው? ባለ ሀብት እኮ ግማሽ አፍርሶ አያርፍም።

የቦሮ ተመላላሽ (ለንደን)

ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ባቡሩ ሠረገላውን እንዴት እንደገደለው ይታሰብ። ለንደን ብሪጅ ጣቢያ በ1836 ተከፈተ፣ ከጆርጅ በር በእግር የደቂቃዎች መንገድ ላይ። ቀን ሙሉ በሠረገላ ይኬድ የነበረው መንገድ ወደ ሰዓታት ወረደ። ማደር ቀረ። ማደር ከቀረ ጋጣውም፣ አልጋውም፣ ሰገነቱም ሥራ ፈታ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ፈረሱ። ዋይት ሃርት ልክ በዚያው በ1889 ነው የሄደው።

ጆርጅን ባቡር ኩባንያው የፈለገው ለግቢው ነበር፤ ዕቃ ማከማቻና ማመላለሻ አደረገው። ሁለቱን ክንፎች ያነሳቸው ለዚያ ነው። የደቡቡ ክንፍ ግን መጠጥ ቤት ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ገቢ ያስገባል። በኔ ግምት ያዳነው ፍቅር ሳይሆን ሂሳብ ነው። ከዚያ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፦ የዚያ ኩባንያ ወራሽ የሆነው ኤል.ኤን.ኢ.አር. በ1937 ቤቱን ለቅርስ ጠባቂው ማኅበር ለናሽናል ትረስት ሰጠው። አባት አፍርሶ ያስተረፈውን ልጁ ለጥበቃ አስረከበው በሉት።

አናጢው (ብሪስቶል)

ከተነሳ አይቀር፣ ማፍረስ ላይ በቅርቡ የሆነውንም ላስታውሳችሁ። ማይዳ ቬል አካባቢ «ካርልተን ታቨርን» የሚባል የ1920ዎቹ መጀመሪያ ፐብ ነበር። በጀርመን ድብደባ ጊዜ እንኳ ሳይፈርስ የቀረ። በ2015 ባለይዞታው ያለ ፈቃድ በቡልዶዘር ደረመሰው፣ በቅርስነት ሊመዘገብ ቀናት ሲቀሩት። የአካባቢው ሰው ዝም አላለም። ምክር ቤቱ «እንደነበረው፣ በነበረበት መልሰህ ሥራ» ብሎ አዘዘ፤ ይግባኙም አልሠራም። በ2021 ተከፈተ። እንደነበረው ለመሥራት የተቻለው ባለሙያዎች ከመፍረሱ በፊት በዝርዝር መዝግበውት ስለነበር ነው።

እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። ከፍርስራሹ የተለቀሙ ጡቦችም ገብተውበታል። ሥራው ንጹሕ ነው። እንደ አናጢ ግን እውነቱን ልናገር፦ አዲስ የተሠራ እንጨት ጠርዙ ሹል ነው። የመቶ ዓመት የሰው ክርን ያለሰለሰው የባንኮኒ ጠርዝ በትእዛዝ አይሠራም።

ሊያ ሥነ ሕንጻ (ማንቸስተር)

@አናጢው እዚህ ላይ አልስማማም። ያንተ ክርክር ወስዶ ወስዶ «ካልሆነማ አይሠራ» ላይ ያደርሳል። ጆርጅ ራሱ እኮ በ1677 መልሶ የተሠራ ነው። እሳቱ በልቶት፣ በቀድሞው ቦታ፣ በቀድሞው መልክ። ያኔም አንድ ሽማግሌ አናጢ ቆሞ «ጠርዙ ሹል ነው» ሳይል አይቀርም።

አናጢው (ብሪስቶል)

😂 አንቺ ልጅ ዳኛ መሆን ነበረብሽ። ልዩነቱ ግን አለ። የ1677ቱ ሰዎች ማረፊያ ስለፈለጉ ማረፊያ ሠሩ። የሚያውቁት አሠራር ያ ስለነበር ሰገነት አወጡ። እንደ ድሮው እናስመስለው ብለው አይደለም።

እናት ነኝ (በርሚንግሃም)

ይህን ሁሉ አንብቤ ማየት አማረኝ። ግን እኔ አልጠጣም፣ ልጆችም አሉኝ። ፐብ መግባት ነውር አይሆንብኝም? መግቢያስ ይከፈላል?

የቦሮ ተመላላሽ (ለንደን)

እህቴ፣ ምንም ነውር የለውም። ባለቤቱ ናሽናል ትረስት ቢሆንም የሚሠራ መጠጥ ቤት ስለሆነ ትኬት የለም። ምግብ ይሸጣል፤ ለስላሳ ይዘሽ ውጭ ግቢው ውስጥ መቀመጥ ትችያለሽ። ቅዳሜ ማታ ግን አትምጪ፤ ግቢው በሰው ይሞላና ግድግዳውም አይታይሽ። ጠዋት ሲከፈት ነው ጥሩው። ቦሮ ገበያም ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ልጆቹ እዚያ የሚበላ አያጡም።

ስትገቢ መጀመሪያ ወደ ሰገነቱ አትሂጂ። ግቢው መሃል ቁሚና ጀርባሽን ለሰገነቱ ስጪ። ፊት ለፊትሽ የምታዪው አዳዲስ ሕንጻ ሁሉ የሌሎቹ ክንፎች ቦታ ነው። ቀና ስትዪ ሻርድ የሚባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ አለ፣ 310 ሜትር ገደማ ብርጭቆ። ከዚያ ዞረሽ ሰገነቱን እዪው። ያኔ ግቢው እንዴት ዝግ እንደነበር ይገባሻል።

ቴአትር ወዳድ (ሊድስ)

የሼክስፒሩን ወንበር ነገር ውጬዋለሁ። ሦስቱም ጎኑ ያልፈረሰ ግን የትም የለም? ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ?

አናጢው (ብሪስቶል)

አለ እንጂ። ግሎስተር ከተማ «ኒው ኢን» ይባላል። ስሙ «አዲሱ» ይሁን እንጂ በ1450 አካባቢ የተሠራ ነው፤ የከተማው ገዳም ያሠራው። ግቢው ዙሪያውን በሰገነት እንደተከበበ አለ። ሙሉው የእንጨት አጽም ነው፣ ከጆርጅ በሁለት መቶ ዓመት ይበልጣል። ጆርጅ ጋ በሐሳብህ የምትሞላውን እዚያ በዓይንህ ታየዋለህ። ከሊድስ ሩቅ ነው፤ ከኔ ግን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ከመነሳትህ በፊት ክፍት መሆኑን ደውለህ ጠይቅ። ከመጣህ ጻፍልኝ፣ እቀበልሃለሁ፤ ማጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ሳላሳይህ ግን አልለቅህም።